ደብዳቤ ለልጄ፦ ጂአርኢውን ልድገመው ወይስ ይቅር ላልሽኝ

ጅማ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኛ ደህና ነን። አያትሽ ጉልበታቸው ትንሽ ቢያስቸግራቸውም ቡናቸውን ሳይጠጡ አይውሉም። የጓሮው ቡና መቅላት ጀምሯል። ዝናቡ ግን ገና አልለቀቀንም፣ ለማድረቁ ሰግተናል።

ለመስቀል መጥተሽ ስትመለሺ መናኸሪያ ቆመን፣ ረዳቱ ሻንጣሽን ሲጭን፣ «አባዬ፣ ጂአርኢውን ልድገመው ወይስ ይቅር?» አልሽኝ። ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ማመልከቻ ስለተፈተንሽው ስለዚያ ፈተና መልስ ሳልሰጥሽ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄሽ ከአእምሮዬ አልወጣም። በስልክ እንዳልነግርሽ ነገሩ ሰፊ ነው፣ ኔትወርኩም ይቆራረጥብናል። ስለዚህ ዛሬ እሑድን ለዚህ አዋልኩት።

መጀመሪያ ይህን እወቂልኝ። ሒሳብ 155፣ እንግሊዝኛ 152 ማምጣትሽ እኔን አላሳፈረኝም። በሥራ ላይ ሆነሽ፣ ማታ ማታ እያጠናሽ ያመጣሽው ነው። ጎረቤት «ስንት አመጣች?» ብሎ ሲጠይቅ ፊትሽ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ለጎረቤት ብለሽ ከሆነ የምትደግሚው፣ ዛሬውኑ ተይው።

ይህን የምልሽ ለሰው ብሎ መድገም ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው። የማትሪክ ታሪኬን ሙሉውን ነግሬሽ አላውቅም። የተፈተንኩት በ1978 ዓ.ም. ነው። ሒሳቤ ጥሩ ነበር፣ እንግሊዝኛዬ ግን ዲ። ድምሩ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልሆነም። አባቴ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ዝምታቸው ግን ከቁጣ በላይ ከበደኝ። በግል ተፈታኝነት ተመዘገብኩና ዓመቱን ሙሉ በፋኖስ አነበብኩ። ሰነፈ የሚለኝ ሰው አልነበረም። ግን ምን አነበብኩ? ሒሳብ። ስለምችለው ሒሳብ መሥራት ደስ ይለኛል። ሁለት ሰዓት ሠርቼ ስነሣ ቀኑን በሚገባ የተጠቀምኩበት ይመስለኛል። የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ስከፍተው ደግሞ ሆዴን ጭንቅ ይለዋል፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። ውጤቱ ሲመጣ ሒሳቡ ያው ጥሩ፣ እንግሊዝኛው ያው ዲ። አንድ ዓመት ሙሉ ያጠናሁት የማውቀውን ነበር። ከዚያ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ በዚህ አንድም ቀን አልተጸጸትኩም። ያቺ ዓመት ግን እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሰማያዊውን ደብተርሽን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ረስተሽው ሄደሻል። ይቅር በይኝና ከፈትኩት። መነጽሬን አድርጌ፣ ገጽ በገጽ አየሁት።

አንዱን ጥያቄ ላስታውስሽ። ኤክስ ከዜሮ ይበልጣል ይላል። በአንድ በኩል ኤክስ ስኩዌር፣ በሌላ በኩል ኤክስ። የቱ ይበልጣል? አንቺ የመጀመሪያውን መርጠሻል። 2 ብለሽ ሞክረሽ፣ 4 አገኘሽና አለፍሽ። ግማሽን ብትሞክሪ ኖሮ ሩብ ይመጣ ነበር፣ ሩብ ደግሞ ከግማሽ ያንሳል። ስለዚህ መልሱ «በተሰጠው መረጃ መወሰን አይቻልም» ነው። ጎኑ ላይ በቀይ «ኡፍ! ክፍልፋይን ረሳሁ» ብለሽ ጽፈሻል። ሦስት ገጽ አልፎ ያንኑ ስህተት ደገምሽው። እዚያም «ኡፍ» የሚል አለ።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው። ሒሳብ ላይ 41 ጥያቄ ስተሻል። ከነዚህ ውስጥ ጨርሶ ያልገባሽ 6 ብቻ ነው። 26ቱ እያወቅሽው በችኮላ ያመለጠሽ ነው። 9ኙን ሰዓት አልቆብሽ ባዶ ትተሻቸዋል። ልጄ፣ ጂአርኢ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም። የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ በግምትም ቢሆን ሁሉንም ሙዪው። ባዶ የተተወ ጥያቄ በከንቱ የተጣለ ነጥብ ነው።

ሰዓቱንም አሰላሁት። ፈተናው ካጠረ ወዲህ የሒሳቡ የመጀመሪያ ክፍል 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 15 ጥያቄ በ26 ደቂቃ ነው። ለአንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አንቺ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍል ላይ አንዱን የጂኦሜትሪ ጥያቄ አምስት ደቂቃ ያህል ታግዬው ነበር ብለሽኛል። አንዷን ብለሽ ሌሎቹን ትተሻል ማለት ነው። የሁለተኛው ክፍል ክብደት የሚወሰነው በመጀመሪያው አሠራርሽ ስለሆነ፣ እዚያ የጣልሽው ዋጋው እጥፍ ነው። ያስቸገረሽን ምልክት አድርገሽበት እለፊ። እዚያው ክፍል ውስጥ እስካለሽ ድረስ መመለስ ይቻላል።

ይህን ሁሉ ሳይ፣ ልቤ «ድገሚው» ወደሚለው ያደላል። የጎደለሽ እውቀት ቢሆን ኖሮ ስድስት ሳምንት አይበቃሽም ነበር። አንቺን የጎዳሽ ልማድ ነው፣ ይህ ደግሞ በስድስት ሳምንት ይስተካከላል።

አንድ ጥርጣሬ ግን አለኝ፣ እውነቱን መልሺልኝ። ቤት ውስጥ በፓወርፕሬፕ፣ በጂአርኢው የኮምፒውተር መለማመጃ ፈተና፣ ስትሞክሪ በሒሳብ 161 አምጥቻለሁ ብለሽኛል። ያ 161 ጥያቄዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታያቸው ነው ወይስ ሁለተኛ ስትሠሪያቸው? ደብተርሽ ላይ ያንኑ ፈተና ሁለት ጊዜ የሠራሽ ይመስላል። ሁለተኛው ከሆነ 161ን እርሺው። ያ ችሎታሽን ሳይሆን ማስታወስሽን ነው የለካው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። በነፃ የሚሰጡትን ሁለቱን መለማመጃ ፈተናዎች ጨርሰሻቸዋል። ከሚከፈልባቸው አንዱን፣ ያላየሽውን ግዢ። ዋጋው ከዋናው ፈተና በብዙ ያንሳል። ጥቅምት 23 እሑድ ነው። ጠዋት ስልክሽን አጥፍተሽ፣ ሳታቋርጪ፣ በሰዓቱ ሥሪው። 159 እና ከዚያ በላይ ካመጣሽ በዚያው ቀን ተመዝገቢ። 155 ወይም 156 ከሆነ ተይው፣ ባለሽ ውጤት አመልክቺ። አንድ ሁለት ነጥብ ከፍ ዝቅ ማለት በአንድ ሰው ላይም ከቀን ቀን ያጋጥማል፣ ለሱ ተብሎ ያ ሁሉ ዶላር አይወጣም። ብሩ ምን ያህል እንደረከሰ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። ገንዘቡ ግን አያስጨንቅሽ፣ እኔና እናትሽ ተነጋግረንበታል። ለሚገባው ነገር ይወጣል።

ብትደግሚና ዝቅ ቢልስ ብለሽ እንዳትፈሪ። የየትኛውን ቀን ውጤት እንደምትልኪ የምትመርጪው አንቺ ነሽ፣ ያልላክሽውን አያዩትም። ሒሳቡን ከአንዱ ቀን፣ እንግሊዝኛውን ከሌላው መቀላቀል ግን የለም። ስለዚህ ስድስቱን ሳምንት ሒሳብ ላይ ብቻ ተክለሽ እንግሊዝኛው እንዳይወድቅብሽ።

ጊዜውን ቆጥሬዋለሁ። የመጀመሪያው ማመልከቻሽ የሚዘጋው ዲሴምበር 15 ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 6። ኅዳር 20 ላይ ብትፈተኚ ውጤቱ በ10 ቀን ገደማ ይወጣል፣ ይደርስልሻል። ከዚያ ወዲያ መግፋት ግን አልወድም።

ሌላው፣ «ጅማ መጥቼ ከቤት በላፕቶፕ ልፈተን» ያልሽው። እውነት ለመናገር መምጣትሽን ማንም እንደኔ አይመኘውም። ግን ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ቀን መብራት ጠፍቶብናል፣ አንዱ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ነው። ኢንተርኔቱን ታውቂዋለሽ። በካሜራ የሚጠብቁሽ ሰዎች መሀል ላይ ቢቆራረጥባቸው ያ ሁሉ ድካምሽ ምን ይሆናል? እዚያው አዲስ አበባ ማዕከሉ ሄደሽ ተፈተኚ። ለገና ትመጫለሽ፣ በሰፊው እንጫወታለን።

እናትሽ «ደክሟታል፣ ተዋት» ትለኛለች። እሷም እውነት አላት። ከመረጥሻቸው አምስት ትምህርት ቤቶች ሁለቱ ጂአርኢ እንደማይጠይቁ ነግረሽኛል። ከኮቪድ ወዲህ ብዙዎቹ ትተውታል። ለነዚያ ለሁለቱ ይህ ሁሉ ትርጉም የለውም፣ እነሱ የሚያዩት ጽሑፍሽንና የመምህራንሽን የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ሦስቱን መምህራን በዚህ ሳምንት ጠይቂያቸው። እኔም መምህር ነበርኩ፤ በመጨረሻው ሳምንት የተጠየቀ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ለባዮስታቲስቲክስ የምታመለክቺ ልጅ ስለሆንሽ ግን የቀሩት ሦስቱ ሒሳብሽን ትኩር ብለው ቢያዩት አይገርመኝም።

ደብተርሽን ነገ በሚመጣ ሰው ልኬልሻለሁ፣ ከአንድ ኪሎ የጓሮ ቡና ጋር። ቡናው የአምናው ነው፣ የዘንድሮው አልደረሰም። 26ቱን ጥያቄዎች በእርሳስ ከብቤያቸዋለሁ፣ መልሱን አልጻፍኩም። በየቀኑ አምስት አምስቱን ሥሪያቸው። ያ 161 የመጀመሪያው ነው ወይስ የሁለተኛው፣ ማታ ስትደውዪ ንገሪኝ።

አባትሽ