ያ ሳጥን ቀልድ አይደለም፤ ለታናሽ ወንድሜ

ሽቱትጋርት፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ፣

ለአንተ፣ ለእማዬ፣ ለሙሽራዋ እህታችንና ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ያሳጠርሁት በድምፅ የላክህልኝ መልእክት ቶሎ መልስ የሚፈልግ ስለሆነ ነው። መንገደኛዋ ሳጥኑን በሰላም እንዳደረሰችልህ፣ ስትከፍተው ግን በትናንሽ ላስቲክ የታሰሩ ጥቃቅን ዕቃዎችና አንድ ባዶ አረንጓዴ ቦርድ ብቻ እንዳገኘህ፣ ጓደኞችህም «ወንድምህ ከጀርመን ጥራጊ ላከልህ» ብለው እንደሳቁብህ ነገርኸኝ። ያን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ መጀመሪያ የደረሰህ ነገር ይህ ሳጥን መሆኑ እንዳስከፋህም ከአነጋገርህ ገብቶኛል። «ከዚህስ ብሩን ብትልከው» ያልኸውን ሰምቻለሁ፤ ለድግሱ በሬ መግዣ የሚሆነው ብር ግን በእማዬ ሒሳብ ገብቷልና ከሳጥኑ ጋር አታገናኘው።

ተሠርቶ ያለቀ ሲኩዌንሰር፣ ማለትም ድምፆችን በተራ እየደጋገመ ኪቦርድህን የሚያስጫውት መሣሪያ፣ ያልላክሁልህ ንፉግ ሆኜ አይደለም። ሱቅ የሚሸጠው አብዛኛው በዓይን እንኳ የማይለዩ ዕቃዎች በማሽን የተለጠፉበት ስለሆነ፣ አንድ ቀን ቢበላሽብህ ቡራዩ ላይ ቀርቶ መርካቶም ወስደህ የሚነካልህ ሰው ለማግኘት ትቸገራለህ። የላክሁልህ ግን እያንዳንዱ ዕቃ እግር ያለው፣ በቦርዱ ቀዳዳ ገብቶ በካውያ የሚበየድ ነው፤ አንዱ ቢቃጠል ነቅለህ ሌላ ትተካለህ። ደግሞ ብዙዎቹ የሱቅ መሣሪያዎች ገና ሲበሩ 16 እርምጃ፣ ማለትም በአንድ ዙር 16 የድምፅ ቦታ፣ ይዘው ለአራት ምት የተሰናዱ ናቸው፤ በስድስት የሚቆጠረውን ችክችካ በዚያ ላይ ለማስኬድ መጀመሪያ ከማሽኑ ጋር መጣላት አለብህ። የእኛው ስምንት እርምጃ አለው፤ በጎኑ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ወደ ቀኝ ስትገፋት ግን ከስድስተኛው እርምጃ ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። ያንን ፕሮግራም ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ አንተን አስቤ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በተርታ የሚቆሙት ስምንት የሚዞሩ ቮልዩሞች እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ ይይዛሉ። ባለ 28 እግሩ አይሲ፣ የመሣሪያው አንጎል የሆነው አትሜጋ 328፣ የእያንዳንዱን ቮልዩም አቋም ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ያነባል፤ እኔም ያን ቁጥር ለአሥር ድምፆች አካፍዬዋለሁ። አራት ቦታ ያለው መራጭ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ስለሚለይ፣ ቮልዩሙን የቱንም ያህል ብታዞረው ከቅኝቱ ውጪ የሆነ ድምፅ አይወጣውም፤ ከዶ ብትነሳ በትዝታ የምታገኘው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላን ብቻ ነው። እርግጥ ኪቦርድ ድምፁን በአሥራ ሁለት እኩል ስለሚከፍል፣ ክራር ደርዳሪ በጆሮው እንደሚያስተካክለው አንቺሆዬ አይሆንልህም፤ እዚያ ላይ አትከራከረኝ፣ እኔም አውቀዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ከመግጠሙ ይልቅ ዕቃውን መሰብሰቡ ነው ያደከመኝ። ቦርዱን ባዶውን ከሚሸጥ አንድ ሰው ገዛሁ፤ አይሲውን ከሌላ ቦታ፣ ክሪስታሉን ከሌላ ቦታ፤ አንዳንዱ ዕቃ ዋጋው ከሳንቲም አይበልጥም፣ የፖስታው ዋጋ ግን አሥር እጥፍ ይሆናል። ቮልዩሞቹ መጀመሪያ ሲመጡ ዘንጋቸው ከመያዣው ጋር የማይገጥም ሆኖ ሻጩ አልቀይርም ስላለኝ ሌላ አዝዣለሁ። ስለዚህ አንዱ ቢጠፋብህ ምናለሽ ተራ ሄደህ ከአሮጌ ራዲዮ የተነቀለ አምጥተህ እንዳትተካበት። የራዲዮ ድምፅ መጨመሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሲዞር አካሄዱ እኩል አይደለም፣ ለጆሮ እንዲመች ተብሎ የተሠራ ነው፤ እዚህ ላይ ከገባ ድምፆቹ ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ይከማቹብሃል። የሚያስፈልገው አካሄዱ እኩል የሆነው ባለ አሥር ኪሎ ኦም ነው። ከመርካቶ የምትገዛው ካውያ፣ የብየዳ ሽቦና አንድ ቴስተር ብቻ ነው።

ስትጀምር ከአጫጭሮቹ ጀምር፦ ሬዚስተሮቹን አስቀድመህ፣ ከዚያ የአይሲውን ሶኬት፣ ረጃጅሞቹን ካፓሲተሮችና ቮልዩሞቹን በመጨረሻ። የሬዚስተሩን ቀለም በአምፖል ብርሃን አትመን፤ 220 ኦም የሆነው ቀይ፣ ቀይ፣ ቡናማ ሲሆን፣ ርካሾቹ ላይ ቡናማውና ቀዩ ስለሚመሳሰሉ እያንዳንዱን በቴስተር ለካው። የካፓሲተሩ ረጅም እግር ፖዘቲቭ ነው፤ ነጭ መስመር ያለበት ጎን ኔጌቲቭ ነው። ካውያውን ሽቦው ላይ ሳይሆን እግሩና ቀለበቱ የሚገናኙበት ላይ አሳርፈው፤ ሁለቱ ሲሞቁ ሽቦውን ብታስነካው ራሱ ቀልጦ ይፈስና ዙሪያውን ይይዛል፤ ተድበልብሎ ከቆመ አልያዘም ማለት ነው። ሽቦው እርሳስ ስላለበት ወጥ ቤት ውስጥ አትሥራ፣ ስትጨርስም እጅህን ታጠብ። ከሽቦው ውስጥ ያለው ሙጫ ሲጤስ እጣን እጣን ይሸታል፤ የመጀመሪያውን ቦርድ ለራሴ ስሠራ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ሳለ፣ ካውያውን አስቀምጬ ዝም ብዬ የተቀመጥሁበት ጊዜ አለ። የእማዬ የቡና ረከቦት፣ ከገፈርሳ በኩል የሚመጣው የባሕር ዛፍ ጢስ፣ አንተ ያንን አንድ ቁልፉ የማይሠራ ኪቦርድ እየደበደብህ እሷ «ጆሮዬን!» ስትልህ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ይህን ለማንም አታንብብ።

አይሲውን ከመሰካትህ በፊት ባለ 9 ቮልት አዳፕተሩን ሰክተህ በባዶው ሶኬት ሰባተኛና ስምንተኛ እግር መካከል በቴስተሩ ለካ፤ 5 ቮልት ካላየህ አይሲውን አትሰካው። ኪቦርዱ ይቃጠልብኛል ብለህ እንደምትሰጋ አውቃለሁ፤ አይቃጠልም። ሚዲ፣ ማለትም መሣሪያው ለኪቦርዱ ትእዛዝ የሚልክበት መስመር፣ ኪቦርዱ ውስጥ ሲገባ መልእክቱ በብርሃን ነው የሚሻገረው፣ የሁለቱ ኤሌክትሪክ በቀጥታ አይገናኝም። ይህ አሠራር ለሕዝብ የቀረበው በ1983 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን፣ ዛሬም ያው ባለ አምስት ቀዳዳ ክብ ሶኬት ስላለ፣ አሮጌነቱ ለአንተ ኪቦርድ ነውር አይደለም።

ስለ ሥራዬ ጠይቀኸኛል፤ ደህና ነው። ሌሊት ሌሊት በመሆኑ ቀኑ ለእንቅልፍ ይሄዳል እንጂ ሌላ ችግር የለበትም። ፎቶው ላይ ያየኸውን የእጄን ፋሻ ለእማዬ የካውያው ነው በላት።

ስለ እሷ ግን አንተም በግልጽ ንገረኝ። ቀለል ሲላት የደም ብዛቱን ክኒን እንደምታቆም አውቃለሁ፤ አንተም «ደህና ነች» ስትለኝ ይህንኑ እየሸፈንህ ይመስለኛል። ደም ብዛት ሳይሰማ የሚጎዳ በሽታ ስለሆነ ስለተሻላት ማቆም የለባትም፣ የሚያዘው ሐኪሙ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ ወስደሃት ሲለኩላት ሁለቱንም ቁጥር ጽፈህ ላክልኝ፤ «ትንሽ ከፍ ብሏል» የሚል መልስ አልቀበልም። ለሁዳዴ ሽሮዋ ላይ ጨው ቀንሱላት፤ ትቆጣለች፣ ትቆጣ።

የእህታችንን ነገር ሽማግሌ ከገባ በኋላ በፎቶ ማየቴ አሞኛል። ታላቅ ወንድም በሚቀመጥበት ቦታ አጎታችን ተቀምጠው ሳይ፣ ደስ ብሎኝ ደስታዬን የምነግረው ሰው አጣሁ። ጥፋቱ የእናንተ ነው አላልሁም፤ ስልክ የማያነሣ ሰው ማን ይጠብቀዋል? ነገር ግን ልጁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ፣ ስትቆጣ ዝም የሚል ይሁን አብሮ የሚቆጣ፣ ከራሷ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። ወረቀቴ ስላላለቀ ከፋሲካ በኋላ ለሰርጉ እንደማልደርስ አንተ አትንገራት፤ እሑድ ደውዬ እኔው እነግራታለሁ። አንተ ግን እስከ ሰርጉ ቀን መሣሪያውን ጨርሰህ፣ መራጩን አንቺሆዬ ላይ፣ ማብሪያዋን ስድስት ላይ አድርገህ ስትገባ እንድታጅባት ፈልጌ ነው ይህን ሁሉ የላክሁት።

በመጀመሪያ ግን የኪቦርድህን ጀርባ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። «ሚዲ ኢን» የሚል ክብ ሶኬት ከሌለውና የዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻ ካለው ሌላ ዘዴ ስለሚያስፈልገን፣ ፎቶውን ሳላየው ካውያ ለመግዛት መርካቶ እንዳትወርድ።

ታላቅ ወንድምህ