እናቴ ወረታ ላይ ተሸጠች፦ ለትራንስፖርት ኃላፊው ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው። የመጀመሪያውን ጥር 18፣ ሁለተኛውን የካቲት 5፣ ሦስተኛውን መጋቢት 9 ቀን በእጄ አምጥቼ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። ሦስቱም ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አርፏል፤ ቅጂዎቹ እኔ ዘንድ ናቸው። የመጨረሻውን ስሰጥ «ከፋሲካ በፊት መልስ ይደርስሻል» ተባልሁ። ፋሲካ አለፈ። ስለዚህ ይህኛውን ይዤ መዝገብ ቤት አልመጣም፤ ሰው ሁሉ ያንብበው።

ጥር 14፣ ሐሙስ ቀን፣ እናቴን ይዤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ተነሣሁ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። የግራ ዓይኗን ሞራ ጎንደር ተገፍፎላት አይታበታለች፤ የቀኙ ቀጠሮ የዚያን ዕለት ከረፋዱ 5 ሰዓት ነበር። ረቡዕ ሄደን እህቷ ዘንድ አዘዞ ልናድር አስበን መናኸሪያ ወጥተን ነበር፤ የጥምቀት ሰሞን ስለሆነ የጎንደር መኪና አጥተን ተመለስን። ሐሙስ ገና ሳይነጋ ስንደርስ አንድ አባዱላ ተራ ይዞ አገኘን። ታፔላው «ባሕር ዳር – ጎንደር» ይላል። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ በሰው 150 ብር ጨምሩ አለ። ትኬት ስጠይቀው «ትኬት የለም፣ የማይፈልግ ይውረድ» አለኝ። ተራ አስከባሪው አጠገቡ ቆሞ ይሰማል። ቀጠሮው እንዳያልፈን ብዬ ከፈልሁ።

ወረታ ስንደርስ መኪናው ዳር ይዞ ቆመ። ከፊታችን ሌላ ሚኒባስ ቆሟል። ሾፌራችን ወርዶ ብር ቆጥሮ በመስኮት ለዚያኛው ሾፌር አቀበለው። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «የጎንደር ውረዱ፣ በዚያ ነው የምትሄዱት» አለ። ሰባት ነበርን። እናቴ ነገሩ አልገባትም። «ልጄ፣ እኔ የከፈልሁት እኮ ለጎንደር ነው» አለችው። «እማማ፣ ተሸጣችኋል፣ ውረጂ!» አላት። ያላት ይህን ነው፤ አንዲት ቃል አልጨመርሁበትም።

እጇን ይዤ አወረድኋት። የዓይን ጠብታዋንና የቀጠሮ ካርዷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። አስፋልቱን ስንሻገር «ማን ነው የሸጠን? በስንት ሸጠን?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛው ሚኒባስ ወንበሮቹ ሞልተዋል፤ ለእሷ መተላለፊያው ላይ የፕላስቲክ ዱካ አወጡላት። ተጨማሪ ሰው ሲጠብቅ አንድ ሰዓት ተኩል አቆመን። ሊነሣ ሲል ደግሞ አዲሱ ረዳት «የተሰጠኝ አይበቃኝም» ብሎ በሰው 100 ብር ጠየቀ። አሁንም ከፈልሁ። እናቴ የወንበሩን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ፣ መኪናው ፍሬን በያዘ ቁጥር ወደ ፊት እየተደፋች እስከ አዲስ ዘመን ሄደች። አዲስ ዘመን ላይ አንዲት ተማሪ፣ ጎንደር የምትማር ልጅ፣ ተነሥታ ወንበሯን ሰጠቻትና ራሷ ዱካው ላይ ተቀመጠች። ያቺን ልጅ እግዚአብሔር ይስጣት። በዚያ ቀን ለእናቴ የራራላት እሷ ብቻ ናት።

ሕክምናው ቦታ የደረስነው ከ6 ሰዓት በኋላ ነው። ተራዋ አልፏል። ሐኪሞቹን አልወቅስም፣ የእነሱ ተራ ጠባቂ ብዙ ነው። አዲሱ ቀጠሮ ሚያዝያ 22 ሆነ። ከሦስት ወር በላይ ማለት ነው፤ በዚህ መካከል የቀኝ ዓይኗ ጨርሶ ደፍኖባታል።

የተሳፋሪ ሽያጭ እንዴት እንደሚካሄድ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወረታ የመንገዱ ሲሶ ላይ ናት፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድም ከዚያ ይነሣል። ሾፌሩ ሙሉውን የጎንደር ሒሳብ ከባሕር ዳር ይሰበስባል፤ ወረታ ላይ ከዚያ ቆርሶ ለሌላ መኪና ይሰጥና የቀረውን ኪሱ ከትቶ፣ የባሕር ዳር ሰው ጭኖ ይመለሳል። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተራ ይይዛል። ገዢው ደግሞ ወንበሩን አስቀድሞ ሞልቶ ስለሚቆም የተሸጠውን ሰው ዱካ ላይ ይደረድረዋል። ትኬት ስለማይቆረጥ ማን ከየት ተሳፍሮ የት እንደወረደ የሚያሳይ ወረቀት የለም። ጎንደር ተብሎ የተሰማራው መኪና ጎንደር መድረሱን የሚያረጋግጥ ሰውም የለም። ይህ ተደብቆ የሚሠራ ነገር አይደለም። ወረታ መሐል አስፋልት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብሩ እየተቆጠረ ነው።

ያገኘኋቸውን መልሶች ደግሞ ልንገርዎ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ባለሙያ «ከታሪፍ በላይ ለምን ከፈልሽ? አንቺም ጥፋተኛ ነሽ» አለኝ። በሁለተኛው «መኪናው የጎንደር ማኅበር ነው፣ እዚያ አመልክቺ» ተባልሁ። ጎንደር ደወልሁ፤ «መነሻው ባሕር ዳር ስለሆነ የሚመለከተው ባሕር ዳርን ነው» አሉኝ። ይህን ይዤ ለሦስተኛ ጊዜ ስመጣ «ሽያጩ የተፈጸመው ወረታ ስለሆነ ሦስቱ ተነጋግረው ነው» ተባለ። ሁለቱም ከተሞች ያሉት አንድ ክልል ውስጥ ነው፤ ወረታም እንደዚያው። ከሦስቱም በላይ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ነው ለእርስዎ የምጽፈው።

«የጎንደር መኪና»፣ «የባሕር ዳር መኪና» የሚለው መልስ ለምን እንዳንገበገበኝ ላስረዳዎት። የምኖረው ዓባይ ማዶ ነው። በድሮው አከፋፈል ዓባይ ከጣና እንደወጣ የጎጃምና የበጌምድር ድንበር ነበር፤ በዚያ ዘመን ቢሆን ቤቴ በጌምድር፣ መሥሪያ ቤቴ ጎጃም ይሆን ነበር። ዛሬ ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ድልድዩን ስሻገር ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሄድሁ የሚል ሰው የለም። እናቴ የእንፍራንዝ ልጅ ናት። አባቴ የመራዊ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። የእናቴ እህት አዘዞ፣ የአባቴ ወንድም ሽምብጥ ናቸው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ በእኔ ሰፈር ብቻ ስንት እንደሆነ ቢጠይቁ፣ እንዲህ ያልሆነውን መቁጠር ይቀልዎታል። ለቅሶ ሲኖር ሌሊት የምንነሣው በዚህ መንገድ ነው። የፎገራ ሽንኩርትና ሩዝ ወደ ሁለቱም ገበያ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። ለጥምቀት ወደ ጎንደር፣ ጥር 21 ለአስተርእዮ ማርያም ወደ ባሕር ዳር የምንመላለሰውም በዚሁ ነው።

በቋንቋችንም ያው ነን። ጎንደሬው «ሄድሁ» ይላል፣ ጎጃሜውም «ሄድሁ» ይላል፤ «ሄድኩ» የምንሰማው አዲስ አበባ ስንወርድ ነው። ልዩነታችን የዜማ ነው፤ እናቴ አፏን ስትከፍት የእንፍራንዝ ሰው መሆኗን መናኸሪያው ሁሉ ያውቃል፣ ባዕድ የሚላት ግን የለም። ያን ቀን ወረታ ላይ ከተሸጥነው ሰባት ሰዎች አንዱ ከእንጅባራ የተነሣ አዛውንት ነበር፤ ከልጁ ጋር በስልክ በአዊኛ እያወራ፣ ለእኛ በአማርኛ ይተረጉምልን ነበር። ሌላዋ ልጇን በትግርኛ ታባብላለች። ከጣና ዳር ከወይጦዎች ሰፈር የመጣ ወጣትም ነበረ፤ የአያቶቹ ጥንታዊ ቋንቋ ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው፣ እሱ የሚናገረው እንደ እኔው አማርኛ ነው። ሰባታችንም በአንድ ቃል ተሸጥን። በየትኛውም ቋንቋ ቢተረጎም ያው ነው።

መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ አንድም ቀን ማንንም አልወቀስሁም። ሳምንታት ቤት ቁጭ ብለን ጠብቀናል። ይህ ግን የጸጥታ ጉዳይ አይደለም፤ የትኬትና የቁጥጥር ጉዳይ ነው። ግንቦት 2016 አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመርቆ ሲከፈት እናቴን ወስጄ አሳይቻታለሁ። 380 ሜትሩን በእግሯ፣ በምርኩዟ፣ እየመረቀች ተሻገረችው። «ከእንግዲህማ እንፍራንዝ ደጄ ሆነ» ነበር ያለችው። ይህን የሚያክል ድልድይ የተሠራላት ሴት ከድልድዩ 60 ኪሎ ሜትር ርቃ እንደ ጆንያ ከመኪና መኪና ስትገላበጥ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት መጥፋቱ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም።

የምፈልገው ብዙ አይደለም። መናኸሪያ ላይ ስም፣ ሰሌዳና መድረሻ የተጻፈበት ትኬት ይቆረጥ። ጎንደር ተብሎ የወጣ መኪና ጎንደር መናኸሪያ ገብቶ ያስፈርም፤ ያላስፈረመ በማግስቱ ተራ አይያዝ። የዚያን ቀን የሁለቱን መኪኖች ሰሌዳ በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሾፌሮቹ ተጠርተው ይጠየቁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ኃላፊነቱን ያጓደለ ማንኛውም ኃላፊ ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። አንቀጹን ለእርስዎ መጥቀስ አልነበረብኝም፤ ሦስት ደብዳቤ ያለ መልስ ሲቀር ግን ሌላ የምጠቅሰው አጣሁ።

ሚያዝያ 22 እናቴን ይዤ እዚያው መናኸሪያ እወጣለሁ። ሰሞኑን ማታ ማታ ዓይኗ ላይ ጠብታ ስጨምርላት የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «አሁንም ወረታ ላይ ይሸጡን ይሆን?» እስካሁን ዝም ብያታለሁ። ከሚያዝያ 22 በፊት ምን ብዬ እንደምመልስላት ይጻፉልኝ፤ እሷ ማንበብ ስለማትችል እኔ አነብላታለሁ።

ከባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ሚያዝያ 2018 ዓ.ም