ለፈረንሳዊው የመጽሐፍ ፕሮግራም አዘጋጅ ለበርናር ፒቮ፦ አንብበው ስለጠየቁ እናመሰግናለን

ክቡር ሆይ፣

ሜይ 6 ቀን 2024፣ 89 ዓመት በሞላዎ ማግስት፣ አረፉ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጠናል።) ነፍስዎን ይማርልን። ስለ መጽሐፍ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የምናወራ ሰዎች ለእርስዎ ያለብን ምስጋና በአንድ ሐዘን መግለጫ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ያስተማሩንን እየጠራን ልናመሰግንዎ ወደድን።

ከሁሉ በፊት የምናመሰግንዎ መጽሐፉን አንብበው ስለሚቀርቡ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ግን ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያውቃል። የመጽሐፍ ፕሮግራምዎ «አፖስትሮፍ» ከጃንዋሪ 10 ቀን 1975 እስከ ጁን 22 ቀን 1990 በፈረንሳዩ አንቴን 2 የቴሌቪዥን ጣቢያ 724 ጊዜ ተላልፏል፤ አርብ ማታ 3:30 ገደማ፣ በቀጥታ ስርጭት፣ 75 ደቂቃ ያህል። አብዛኛውን ጊዜ አራት አምስት ደራሲ በአንድ ርእስ ዙሪያ ይቀመጣል። አራት አምስት መጽሐፍ በሳምንት ማለት ነው። ይህን ለመወጣት በቀን 10 ሰዓትና ከዚያም በላይ ያነቡ ነበር።

ያላነበበ አቅራቢ ገና ከመጀመሪያው ጥያቄ ያስታውቃል፦ «መጽሐፍዎ ስለ ምንድን ነው?» ይላል። ደራሲው የጀርባ ሽፋኑን ይደግምለታል፣ አምስት ደቂቃ ይባክናል፣ አድማጩም ታሪኩን የጨረሰው ይመስለውና መጽሐፉን ሳይፈልገው ይቀራል። እርስዎ ግን መነጽርዎን አውልቀው በእጅዎ እንደያዙ፣ ምልክት ያደረጉበትን ገጽ ገልጠው፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ያነቡና ለምን እንዲያ እንደተጻፈች ይጠይቁ ነበር። ጥያቄው አጭር ነው። ደራሲው የተዘጋጀበትን ንግግር ትቶ ወደ ጽሑፉ መመለስ ግድ ይሆንበታል። በማግሥቱ ቅዳሜ የፈረንሳይ መጽሐፍ ሻጮች በር ላይ ሰው የሚያቆመው ይኸው ነበር።

ስለ ትዕግሥትዎም እናመሰግናለን። ፈረንሳዊው ደራሲ ፓትሪክ ሞዲያኖ ዐረፍተ ነገር ይጀምራሉ፣ ይተዉታል፣ ሌላ ይጀምራሉ፣ እሱንም ይተዉታል። በቀጥታ ስርጭት ሦስት ሰከንድ ዝምታ ለአዘጋጅ ምጥ ነው፤ ስለዚህ የእንግዳውን ሐሳብ እኛው ቀምተን እንጨርስለታለን፣ እሱም «አዎ» ብሎ ያርፋል። የሚናገረው ግን ሌላ ነበር። እርስዎ ይጠብቁ ነበር። ሞዲያኖ በ2014 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ዓለም የሰማውን አንደበት ፈረንሳዮች ከእርስዎ ጠረጴዛ ያውቁት ነበር።

የ«ሎሊታ» ደራሲ ቭላዲሚር ናቦኮቭ ያለ ጽሑፍ አልናገርም ሲሉ፣ ለሜይ 30 ቀን 1975 ጥያቄዎቹን አስቀድመው ላኩላቸው። እሳቸውም መልሱን በመጽሐፍ ክምር ከተከለሉ ካርዶች አነበቡ። ውስኪያቸው በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነበር፤ እርስዎም ሻይ ይጨምሩ እንደሆን እየጠየቁ ቀዱላቸው። እንግዳን እንዲህ ነው ማክበር! ሴፕቴምበር 22 ቀን 1978 ደግሞ አሜሪካዊው ደራሲ ቻርልስ ቡኮውስኪ ነጭ ወይን ከጠርሙሱ እየተጎነጩ ሰክረው ስርጭቱ ሳያልቅ ተነሥተው ሲሄዱ፣ ከቀሩት እንግዶች ጋር ቀጠሉ። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1984 ፈረንሳዊቷን ደራሲ ማርጌሪት ዱራስን ብቻቸውን አስቀምጠው ሙሉውን ጊዜ ሰጧቸው፤ ስለ መጠጥ ሱሳቸው ፊት ለፊት ጠየቁ፣ እሳቸውም ሳይሸሹ መለሱ። ለጀማሪ አዘጋጅ አንድ ቅጂ ብቻ ተመልከት ብንል ይህን ነው የምንሰጠው።

ምስጋናችን ለዴኒዝ ቦምባርዲዬም ይድረስ። ማርች 2 ቀን 1990 አንድ ደራሲ ከልጆች ጋር የፈጸመውን ወሲብ በመጽሐፉ ሲኩራራበት፣ በጠረጴዛዎ ዙሪያ ፊት ለፊት የተቃወሙት እኚህ የኬቤክ (የካናዳ) ጸሐፊ ብቻ ነበሩ። እርስዎ ያን ምሽት በፈገግታ አለፉት። ከ30 ዓመት በኋላ ቅጂው እንደገና ሲታይ ተገቢውን ቃል ባለማግኘትዎ መጸጸትዎን ተናገሩ። ይህን ትተን ብናመሰግንዎ ምስጋናው ጎዶሎ ይሆን ነበር፤ ከዚያ ምሽት የተማርነው ከሌሎቹ አያንስምና። የጨዋታው ለዛ እንዳይበላሽ ተብሎ የሚታለፍ ነገር አለ፤ መታለፍ የማይገባው ግን እሱ ነው።

ሊዮን ተወልደው፣ በጦርነቱ ዘመን አባትዎ በጀርመን ተማርከው ሳሉ በቦዦሌ ገጠር፣ ካንሲዬ መንደር አደጉ። ወላጆችዎ ባለ ሱቅ ነበሩ፤ በእጅዎ የነበሩት መጻሕፍትም ሁለት ናቸው፦ የላ ፎንቴን ተረቶችና ፕቲ ላሩስ መዝገበ ቃላት። ከተረቱ የማያውቁትን ቃል ይዞ ወደ መዝገበ ቃላቱ፣ ከመዝገበ ቃላቱ ተመልሶ ወደ ተረቱ። በኋላ ያን ሁሉ ሕዝብ ቃለ ጽሕፈት ያስቀመጠው ፍቅር ከዚያ የመጣ ይመስለናል።

ከ1985 እስከ 2005 የዘለቀውን፣ በቴሌቪዥን የሚታየውን የፊደል አጻጻፍ ውድድር ማለታችን ነው። የተፈተነውን ጽሑፍ ራስዎ ያዘጋጁ ነበር፤ መንታ ተነባቢ እዚህ፣ ድምፅ የሌለው ፊደል እዚያ አድብቶ ይጠብቃል። ተመልካቹም በየቤቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ይጽፋል። በ1992 ፍጻሜው ኒው ዮርክ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አዳራሽ ውስጥ ተካሄደ። ሰዓሊ ለምንልበት ሥዕል በንጉሡ ሠ፣ «ሰአሊ ለነ» ለምንልበት ልመና በእሳቱ ሰ መጻፍ እንዳለበት የሚከራከር የኛ አገር ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል፤ እኛ ራሳችን አሁን «ሰዓሊ» ብለን በእሳቱ ሰ መጻፋችንን ያየ አንባቢም ወረቀቱ ላይ አንድ ስሕተት ይያዝብን። ውድድሩን አብረውዎት ያቋቋሙትን የቋንቋ ባለሙያ ሚሼሊን ሶማንንም እናመሰግናለን።

በ2004 የፈረንሳይን ታላቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የሚሰጠው የጎንኩር አካዳሚ አባሉ አድርጎ ሲመርጥዎ በጋዜጠኝነት እንጂ በደራሲነት ያልታወቀ ሰው ወደዚያ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር፤ ከ2014 እስከ 2019 መሩት።

በመጨረሻም 724ቱን ምሽቶች በማኅደሩ ለጠበቀው ለፈረንሳይ ብሔራዊ የድምፅና ምስል ተቋም፣ አባቷን ለአንባቢ ላካፈለችው ለልጅዎ ለሴሲል ፒቮ፣ ለቤተሰብዎም ሁሉ ከልብ የመነጨ ምስጋናችን ይድረስልን።

መጽሐፍ ነክ ፕሮግራም የምናዘጋጅ ባልደረቦች