መጀመሪያ መኖውን ቁጠሪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ከረምሽ? ሁለት በሬና አሥራ አምስት በግ ይዘሽ በጋውን ለመውጣት እንዳሰብሽ ነግረሽኛል። ከብቱ ከመጨመሩ በፊት መኖው ይቆጠር።

250 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን ስድስት ኪሎ ከሩብ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል፤ 25 ኪሎ በግ ወደ 800 ግራም። ከኅዳር እስከ ግንቦት 210 ቀን ነው። ስለዚህ አንድ በሬ 1,300 ኪሎ፣ አንድ በግ 170 ኪሎ ይፈጃል። የሁሉም ድምር ከ5,000 ኪሎ ያልፋል፤ አንዱ እስር 13 ኪሎ ቢሆን 400 እስር ማለት ነው። ያን ያህል ድርቆሽና ጭድ ከሌለሽ ጥርሳቸው ያለቀውንና የማይወልዱትን ገና ሥጋ ሳይቀንሱ ለመስቀል ገበያ አውጪ። በመጋቢት ከስተው ቢሸጡ ዋጋቸው የበሉትን አይመልስም።

ሣሩን ግማሹ ሲያብብ እጨጂ። ብዙ ሰው እንዲበዛለት ብሎ እስከ ኅዳር ያቆየዋል፤ የሚያገኘው ግን አገዳ ነው፣ ቅጠሉ ረግፏል። ሁለት ሦስት ቀን እያገላበጥሽ አድርቂና ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ከምሪው። እርጥቡ ከተከመረ ውስጡ ይግላል፣ ይሻግታል።

የስንዴና የገብስ ጭድሽን በዩሪያ አክሚው፤ ለማዳበሪያ የምትገዢው ያው ዩሪያ ነው። ርዝመቱም ወርዱም ጥልቀቱም አንድ አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሪና ያልተቀደደ ላስቲክ አንጥፊበት፤ በደንብ ከተረገጠ ወደ 100 ኪሎ ጭድ ይይዛል። 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ እስኪሟሟ አማስይ። 20 ኪሎ ጭድ አንጥፈሽ ከብጥብጡ 20 ሊትሩን በአትክልት ማጠጫ አርከፍክፊ፣ ጠርዙን ጨምረሽ ርገጪ፣ ከዚያ ቀጣዩን ደርቢበት። መጨረሻ ላይ ላስቲኩን አጥፈሽ አፈር ጫኚበት። ጭዱን የሚያለሰልሰው ከዩሪያው የሚወጣው አሞኒያ ስለሆነ፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ልፋትሽ ከንቱ ነው። በ21 ቀን ይደርሳል፤ ደጋ ላይ ብርዱ ስለሚያዘገየው አንድ ሳምንት ጨምሪ። ስትከፍቺው ቡናማ ሆኖ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ካለው ሠምሯል። የሻገተውን ጣይ። የዕለቱን አውጥተሽ አንድ ሌሊት አናፍሺና ከተራ ጭድ ጋር እየቀላቀልሽ በሳምንት አለማምጃቸው። ስድስት ወር ላልሞላው ጥጃና ግልገል ግን አይሰጥም። የተረፈውን ብጥብጥ ከብት በማይደርስበት አፍሺው፤ የጠጣ እንስሳ ይነፋል፣ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ሐኪም እያስጠራሽ ለበግ ግማሽ ሊትር ኮምጣጤ በቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብለሽ አጠጪ።

በበጋ ለምለም የሚታየው ረግረጉ ብቻ ነው፤ የጉበት ትሉም የሚጠብቃቸው እዚያው ነው። ከቀንድ አውጣው የወጣው እጭ ሣሩ ላይ ተለጥፎ ይቆያል። በጉ መንጋጋው ሥር ውሃ ከቋጠረና የዓይኑ ሽፋን ከነጣ ትሉን ጠርጥሪ። የትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ነው፤ ለጋው ይተርፋል፣ ስለዚህ ረግረጉን ሳያጥሩ መድኃኒት ብቻ መስጠት ብር ማባከን ነው። ውሃውን በገንዳ አጠጪ። በጎቹን በመጠን ለይተሽ የመድኃኒቱን ልክ በየምድቡ በከባዱ በግ ስሪ፤ ያነሰ ልክ ትሉን መድኃኒት ያስለምደዋል። በመጀመሪያው የእርግዝና ወር ላለች በግ አትስጪ።

ግጦሹን ለሁለት ክፈይና ሰኔና ሐምሌ መሬቱ ጭቃ ሳለ አንዱን ዝጊ። መንዝ ጓሳ ላይ የቄሮ ሥርዓት፣ የአገሬው ሰው የጋራ ግጦሹን የሚጠብቅበት የቆየ ደንብ፣ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ሣሩን ለዓመታት ከልሎ ያቆይ የነበረው በዚሁ ስሌት ነው፤ ጓሳ የሚባለው ሣር ቢታጨድም ሥሩ ዕረፍት ይፈልጋል። በእርከኑ ጠርዝ ደሾ ሣር ትከይ፤ አፈሩንም ይይዛል፣ ለከብትም ይታጨዳል።

አውራ በጉን በየሁለት ዓመቱ ለውጪ፣ የራሱን ልጆች እንዳይሰርር።

ጉድጓዱን ከማስቆፈርሽ በፊት ስንት ኪሎ ጭድ እንዳለሽ ጻፊልኝ፤ የዩሪያውን ልክ አብረን እናሰላዋለን።

አባትሽ