ከቦርዱ በፊት ገመዱን እዩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቤታቸው ትንሽ ሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር እየታዘዘ የሚቀርጽ ማሽን) ተክለው እንጨት ስለሚቀርጹ ወጣቶች ደጋግማችሁ ጽፋችኋል። ደስ ይላል። ማሽኑ አልሄድ ሲል ምን እንደሚደረግ ግን አንድም ቀን አልጻፋችሁም። ገንዘብ የሚበላው ደግሞ እሱ ነው።

ይህን የምጽፈው የአንድ ወዳጄ ነገር አናዶኝ ነው። ያለችው 3018 የምትባለው፣ 30 በ18 ሴንቲ ሜትር ላይ የምትሠራው ትንሿ ማሽን ናት። የኤክስ መስመሯ፣ ማለትም ወደ ግራና ቀኝ የምትሄድበት፣ መንዘር እንጂ መሄድ እምቢ አለ። ጥገና ቤት ወሰዳት። ባለሙያው መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እንኳ ሳያነሳ «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አለው። ወዳጄም ስንት ሰው ለምኖ ቦርዱን፣ ማለትም ሞተሮቹን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ከውጭ አስመጣ። ተገጠመ፤ ኤክስ አሁንም ይነዝራል። የኋላ ኋላ የተገኘው ምን መሰላችሁ? ከአራቱ የሞተር ገመዶች አንዱ መሰኪያው ሥር ተበጥሷል። የተበጠሰው ውስጡ ያለው መዳብ ነው፤ ላስቲኩ ደህና ስለሆነ በዓይን አይታይም፣ ሳብ ሲያደርጉት ግን እንደ ማስቲካ ይለጠጣል።

የሚያበሽቀው ነገር፣ ምርመራው ምንም ወጪ የለውም። ማሽኑን አጥፉ፣ ከመብራትም ንቀሉ። የኤክስንና የዋይን (ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደውን መስመር) የሞተር መሰኪያዎች ቦርዱ ላይ አቀያይሩና እንደገና አብሩ። አሁን ዋይን ትንሽ ሂድ ስትሉት የሚዞረው የኤክስ ሞተር መሆን አለበት። እዚያም እየነዘረ ከቀረ ጥፋቱ ሞተሩ ወይም ገመዱ ላይ ነው። እዚያ ደህና ከዞረ፣ በአንጻሩ ኤክስ ላይ የተሰካው የዋይ ሞተር ካስቸገረ፣ ያኔ ስለ ድራይቨር፣ ቦርዱ ላይ ሆኖ ለሞተሩ ኃይል ስለሚሰጠው ክፍል፣ ማውራት ይቻላል። መብራት እያለ ግን የሞተር መሰኪያ እንዳትነኩ! ደህናውን ድራይቨር በቅጽበት ሊገድለው ይችላል።

መልቲሜትር የሌለው ሰው ሞተሩን ነቅሎ በጣቱ ይፈትሽ። ከአራቱ ገመዶች ሁለት ሁለቱን እያነካካ ዘንጉን ያዙር። በሞተሩ ውስጥ ያለ የአንድ የሽቦ ጥቅል ሁለቱ ጫፎች ሲገናኙ ዘንጉ ክብድ ይላል። እንዲህ የሚያከብዱ ሁለት ጥንዶች መገኘት አለባቸው፤ አንድ ጥንድ ብቻ ከተገኘ የተበጠሰ ነገር አለ ማለት ነው።

ሌላው የሚያደናግረው ማሽኑ እየሄደ ልክ ሲያጣ ነው። 100 ሚሊ ሜትር ሂድ ተብሎ ሁልጊዜ 50 ብቻ ከሄደ ምንም አልተበላሸም፤ ለአንድ ሚሊ ሜትር ስንት እርምጃ እንደሚሄድ የሚነግረው የሴቲንግ ቁጥር ነው የተሳሳተው። ሞተሩ ለአንድ ዙር 200 እርምጃ አለው፤ ድራይቨሩ እያንዳንዱን 16 ቦታ ይከፍለዋል፤ ጥርስ ያለው ዘንግ በአንድ ዙር 4 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ከሆነ ለአንድ ሚሊ ሜትር 800 ይወጣል። ዘንጉ 8 የሚገፋ ከሆነ ደግሞ 400 ነው። ይህን የሚሸጡልን ሰዎች በአንድ ቁራጭ ወረቀት ጽፈው ቢሰጡን ምን ነበረበት?

ስህተቱ አንዴ 2፣ አንዴ 7 ሚሊ ሜትር እየሆነ የሚዋዥቅ ከሆነ ግን ቁጥር መነካካት ትርፉ ድካም ነው። ሞተሩንና ዘንጉን የሚያያይዘው ኮፕሊንግ ላይ በማርከር አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፤ መስመሩ ከሞተሩ ዘንግ ተነስቶ ኮፕሊንጉን አልፎ እስከ ረጅሙ ዘንግ ይድረስ። አንድ ሥራ አሠሩትና ተመልከቱ። መስመሩ ከተሰበረ ኮፕሊንጉ እየተንሸራተተ ነው፤ ትንሿን ብሎን በብሩጎላ ማጥበቅ ነው። መስመሩ ካልተሰበረ ሞተሩ እርምጃ እየዘለለ ሊሆን ስለሚችል ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ዘንጉንም ጥረጉና ግራሶ ቀቡት። የምትቀርጹት ክብ ጎኑ ተጨፍልቆ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ዘንጉ ላይ የሚሄደው ዳዶ ልል ሆኗል።

ጥሩ ሲሠራ ቆይቶ የሚቆም፣ ሲያርፍ ደግሞ የሚነሳ መስመር ካላችሁ ድራይቨሩን ጠርጥሩት። ሲግል ራሱን ይዘጋል። ማራገቢያው አቧራ በልቶ ቆሞ እንደሆነ እዩ።

ብዙዎቹ እነዚህ ማሽኖች የሚሠሩት ግርብል በሚባል ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኖርዌያዊው ሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ የጀመረው፣ ለማንም በነጻ የተለቀቀ ነገር ነው። ሁለት የዶላር ምልክት ጽፎ ኢንተር ለተጫነ ሰው የውስጥ ቁጥሮቹን በሙሉ ይዘረግፍለታል። ማሽኑ ደህና ሳለ ገልብጣችሁ አስቀምጡት። እንግዲህ «ሴቲንጉ ጠፍቷል» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ወረቀቱን ታሳዩታላችሁ።

ጥገና ቤቶችን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቦርድ ሞቷል ከማለታችሁ በፊት መሰኪያዎቹን አቀያይራችሁ ደንበኛው ፊት አሳዩት። በእርግጥ ከሞተም ድራይቨሩ ከቦርዱ የሚነቀል ዓይነት እንደሆነ እዩ፤ ከሆነ እሱን ብቻ ቀይሩለት፣ ሙሉ ቦርድ አታስገዙት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ