የአጥንት መረቅም ሥጋ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የምኖር፣ ላለፉት 27 ዓመታት ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለተዝካር ወጥ በመሥራት የምተዳደር ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የእስያ ምግብ ስለሚያቀርቡ ቤቶች፣ በተለይም ስለ ኑድል ሾርባና ገበታ ላይ እየፈላ ስለሚበላው ድስት ነው። ደስ ብሎኝ ገብቼ ከፍቶኝ ወጥቻለሁ፤ ምክንያቱን ደግሞ ባለ ምግብ ቤቶች ሁሉ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ።

ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ። አንድ ግድግዳ ተጋርተን ከ20 ዓመት በላይ ስንኖር ቡናውን፣ ሆጃውን፣ ፈጢራውን፣ የምስር ሳምቡሳውን አብረን ቀምሰናል። ልጆቻችን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሯሯጡ አድገዋል። ሥጋ ባለበት ገበታ ላይ ግን አብረን ተቀምጠን አናውቅም። ይህ በመካከላችን ቅሬታ ሆኖ አያውቅም፤ እሷ የእኔን፣ እኔም የእሷን አክብረን ኖረናል።

ለምረቃው ራት የት እንሂድ ስንባባል መላ ያመጣው ልጄ ነው። ልጄ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ከቻይናውያን ጋር ሠርቷል፣ አብሯቸውም በልቷል። «እማዬ፣ ለሁላችንም የሚሆን ድስት አለ» አለኝ። ቻይናውያን በቋንቋቸው «የእሳት ድስት» ይሉታል። ከዓይነቶቹ አንዱ መካከሉን ብረት ከፍሎት በአንድ እሳት ላይ ሁለት መረቅ የሚያፈላ ነው። ስሙንም ያወጡለት ወንዱና ሴቷ በመልክ በማይመሳሰሉ፣ ነገር ግን ጥንድ ሆነው በሚዋኙ ዳክዬዎች ነው። ይህን ስሰማ ሐሳቡ ልቤ ውስጥ ገባ።

የሄድነው አርብ ማታ ነው። ቀኑ ሲያቃጥል ቢውልም ጠረጴዛዎቹ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ስለነበሩ ነፋስ አገኘን። ድስቱ መጥቶ መካከላችን ተቀመጠ። በአንድ በኩል ያለው መረቅ ቀይ ነው፤ በርበሬው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በሌላ በኩል ያለው ነጣ ያለ ነው። አስተናጋጇ ትሑት ልጅ ናት። «ቀዩ የበሬ ነው፤ በሙስሊም የታረደ ነው። ነጩ የጾም ነው» አለችን። ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ እንጉዳዩ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ፣ እንደ ወረቀት ሳስቶ የተቆረጠው ሥጋ በየሳህኑ ቀረበ። ጎረቤቴ ሥጋዋን በቀዩ፣ እኔ እንጉዳዬን በነጩ እየነከርን መብላት ጀመርን። ያን ጊዜ በእውነት እንባዬ መጣ። ከአንድ ድስት እየበላን ነበር።

ከዚያ ኑድሉን ለማውጣት ጭልፋውን ወደ ታች ሰደድሁት። ከኑድሉ ጋር አንዲት አጥንት ወጣች። የዶሮ ክንፍ አጥንት ናት። ጫፏ ላይ ነጭ ጅማት ተጣብቋል፤ ብዙ ከመቀቀሏ የተነሣ በጣቴ ስነካት ተሰበረች። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት እያደረግሁ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሴት ነኝና አልተሳሳትሁም። ሳህኔን ገፋ አደረግሁ። ጎረቤቴም «ዶሮዋን ማን ነው ያረዳት?» ብላ ጠየቀች። ከማዕድ ቤት የመጣ መልስ አልነበረም። ሁለቱንም መረቅ ስንጨልፍ የነበረው በአንድ ጭልፋ ስለሆነ እሷም መብላቷን አቆመች። የተመራቂዋ ራት እዚያ ላይ ቀረ።

የቤቱ ባለቤት መጥተው ይቅርታ ጠየቁን። ቀጥለው ግን «ሥጋ እኮ የለበትም፣ ውኃው ብቻ ነው» አሉ። በክፋት እንዳልተናገሩት ፊታቸው ያስታውቃል። ቤቱን በስም የማልጠራውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን አጥንት ሌሊቱን ሙሉ ተቀቅሎ የወጣው ውኃ እንዴት ነው ሥጋ የማይሆነው? የሥጋው ጣዕም፣ ስቡ፣ መቅኒው ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የእነዚህ ምግቦች ሙያ በሙሉ መረቁ ላይ ነው፤ ኑድሉና አትክልቱ መረቁን የሚሸከሙ ናቸው። ፎ የሚባለው የቬትናሞቹ ኑድል ሾርባ መረቁ የበሬ አጥንት ለብዙ ሰዓት ተቀቅሎ የሚወጣ ነው። በጃፓን ራመን ከሚባለው ኑድል ሾርባ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚወፍረው መረቅ ከአሳማ አጥንት የሚሠራ ነው። የቾንግቺንግ ከተማ ቀይ ድስት ምላስ ከሚያደነዝዘው ቅመምና ከበርበሬው በታች መሠረቱ የበሬ ሞራ ነው። ቅመሙ ታሽጎ ሲገዛም ሞራው አብሮ ሊኖርበት ይችላል፤ በማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ቻይንኛ ብቻ ከሆነ አስተናጋጇ ከየት ታውቀዋለች? ስለዚህ በልጅቷ አልፈርድም። ማወቅ የነበረበት መረቁን የጣደው ሰው ነው።

አንዳንድ ሰው «በድሬ ሙቀት የሚፈላ ድስት ፊት ማን ይቀመጣል?» ሲል ሰምቻለሁ። ቾንግቺንግ ራሷ በበጋ ሙቀቷ በቻይና ስሟ የተነሣ ከተማ ናት፤ ሰዎቿም ይህን ድስት በበጋም ይበሉታል። እንግዳ ምግብማ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ድሬ ከደረሰ ወዲህ ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ በዚህች ከተማ ኖሯል። ፓስታን ዛሬ የውጭ ምግብ የሚለው ማን ነው? ቻይናውያን የሠሩት የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የእነሱ ምግብ ቢመጣ የከተማችን ወግ ነው። ይምጣልን፤ እኔ እፈልገዋለሁ።

የምለምነው መረቁ በእውነተኛ ስሙ እንዲጠራ ነው። ይህ ደግሞ የእስያን ምግብ ማበላሸት አይደለም። የላንጆ ከተማ በእጅ የሚጎተት ኑድል፣ ጥርት ባለ የበሬ መረቅ፣ በቀይ በርበሬ ዘይትና በድንብላል ቅጠል የሚቀርበው፣ ሁዊ የሚባሉት የቻይና ሙስሊሞች ምግብ ነው፤ ከመነሻውም ሐላል ነው። በቻይና የቡድሃ ገዳማት ደግሞ ሥጋ የማይነካው ምግብ ከጥንት ጀምሮ አለ። ደረቅ እንጉዳይ፣ ዝንጅብል፣ ጎመንና አኩሪ አተር ጥሩ መረቅ ይወጣቸዋል፤ እኔ ቤቴ ሞክሬዋለሁ፣ ጣዕሙ ሙሉ ነው። እንግዲህ «የጾም» የሚለው ቃል ዝርዝሩ ላይ ከተጻፈ፣ መረቁ አጥንት በማያውቅ ድስት ለብቻው ይጣድ። ኑድሉ እንቁላል ያለበት ከሆነ ይነገረን። ረቡዕንና አርብን፣ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን የሚጾም ሕዝብ ባለበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሐላል ከተባለም ሥጋው ብቻ ሳይሆን መረቁም ጭምር ይሁን።

ስለ ጭልፋውም አደራ እላለሁ። በድግስ ላይ ለሙስሊም እንግዶች ምግቡ ሲለይ ድስቱ ብቻ አይደለም የሚለየው፤ የሚያርደው፣ የምታበስለዋ፣ ጭልፋው፣ ሳህኑ ሁሉ ይለያል። በ27 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጭልፋ ከአንዱ ወደ ሌላው አሻግሬ አላውቅም። በተከፈለ ድስት ላይም ሁለት ጭልፋ፣ ሁለት መቆንጠጫ ያስፈልጋል። መረቁም እስከ አፉ መሞላት የለበትም፤ ሲንተከተክ ብረቱን ዘልሎ ከቀዩ ወደ ነጩ ሲፈስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከቀፊራ ገበያ ሁለት ጭልፋ ገዛሁ፤ የአንዱ እጀታ ቀይ፣ የሌላው ነጭ ነው። ወስጄ ለባለቤቱ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው «መረቁን እንለያለን» አሉኝ። የጎረቤቴ ልጅ በነሐሴ መጨረሻ ለሥራ ወደ ሐዋሳ ትሄዳለች። ከመሄዷ በፊት፣ ፍልሰታም ከገባ በኋላ ቢሆን፣ በአንድ አርብ ማታ ተመልሰን ያን ራት ልንጨርሰው እንፈልጋለን።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ