ሁለት ዳዶ እና ክር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ማስተርሴን የተማርኩት በክረምት ነው። ሐምሌ ሲገባ ጠመኔውን አስቀምጠን ተማሪ እንሆናለን፤ መስከረም ሲጠባ ተመልሰን መምህር። በመሃል ባሉት ጥቂት ሳምንታት አናሊቲካል ሜካኒክስን፣ ማለትም የነገሮችን እንቅስቃሴ ከኢነርጂያቸው ተነስቶ የሚያሰላውን የፊዚክስ ዘርፍ፣ ከሊቁ ላግራንጅ ዘዴ እስከ ሃሚልተን ዘዴ ጨረስን ተባለ። መምህራችን ሰሌዳውን ሞልተው ሲያጠፉ እኛ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነን።

ጥድፊያውንስ ለመድነው። እኔን የከነከነኝ፣ አንድም ነገር ሲወዛወዝ ሳናይ ስለ ውዝዋዜ መማራችን ነው።

ድርብ ፔንዱለም ላይ ደረስን። ፔንዱለም በክር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት ነው፤ እዚህ አንዱ ሥር ሌላው ይንጠለጠላል። በኒውተን መንገድ፣ እያንዳንዱን ጉልበት እየቆጠርኩ፣ ሞከርኩት። የክሮቹ ውጥረት እየተጠላለፈ 7 ገጽ ፈጀብኝ፤ ለዚያውም አንድ የመቀነስ ምልክት የሆነ ቦታ ጥዬ። በላግራንጅ ግን ካይኔቲክ ኢነርጂውን (የእንቅስቃሴውን) ጻፍ፣ ፖቴንሻሉን (የከፍታውን) ቀንስ፣ በሁለቱ አንግሎች ደሪቬቲቩን (የለውጥ መጠኑን) ውሰድ፣ አለቀ። የክር ውጥረት ስሙም አይነሳ። ደስ አለኝ፤ ግን አላመንኩትም።

ከጋራዥ ሁለት እኩል ዳዶ ለመንኩ። አንዱን በ50 ሳንቲ ሜትር ክር ከተከራየሁት ቤት የበር መቃን ላይ፣ ሌላውን በዚያው ልክ ከሥሩ ሰቀልኩ። አከራዬ አይተው፣ «ልጄ፣ ምን ሰቀልክብኝ? መተት ነው እንዴ?» አሉኝ። ዳዶዎቹ በትንሹ ወደ አንድ ወገን አብረው ሲወዛወዙ፣ ሒሳቡ ለ10 ምልልስ 18.5 ሰከንድ ይላል። በስልኬ ያዝኩት፤ እዚያው አካባቢ ነው! በተቃራኒ ሲሄዱ ደግሞ 7.7። ይሄኛው ዓይን ይፈልጋል፣ ሦስቴ ቆጠራው ጠፋብኝ። ከፍ አድርጌ ስለቃቸውማ ቅጥ አጡ። ሁለቴ በአንድ መንገድ አልሄዱልኝም።

ፈተናው የመጣው «እኩልታውን አውጣ» ብሎ ነው። የሸመደደ ሁሉ አለፈ፣ እኔም ጭምር።

ላግራንጅ እ.ኤ.አ. በ1788 ባሳተመው መጽሐፍ አንድም ሥዕል እንደሌለ ገና በመግቢያው አስታውቋል። ይሁንለት፣ እሱ ላግራንጅ ነው። እኛ ግን መስከረም ላይ 11ኛ ክፍል ገብተን የምናስረዳ ሰዎች ነን።

ቤተ ሙከራ ይገንባ አላልኩም። ኮርሱ ውስጥ አንድ ከሰዓት ይመደብ። ክር፣ ሁለት ዳዶ፣ የያንዳንዱ ተማሪ ስልክ። ዳዶዎቹ እንደሆኑ እኔ ጋ አሉ፤ ጋራዡም መልስ አላለኝም።

የፊዚክስ መምህር
ከደብረ ብርሃን